አብራሪ ለመሆን የሚሻ ተማሪ መንገዱንና ትምህርት ቤቱን እንዴት ይምረጥ?

ከኮሌጃችን ተማሪዎች መካከል የአይሮፕላን አብራሪ ለመሆን የሚመኙ ጥቂቶች አይደሉም። እነዚህ ጓደኞቻችን ምክር ሲጠይቁ ዘወትር የሚያነሡት «የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል?» የሚለውን ጥያቄ ነው። እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነው ለዚሁ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነበር። ዳሩ ግን ነገሩን እየመረመርን በሄድን ቍጥር ጥያቄው ከመጨረሻው የተጀመረ መሆኑን ተረዳን። ትምህርት ቤት መምረጥ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ከእርሱ በፊት ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። እነርሱም የአመልካቹ ጤና፥ ወደፊት የሚሠራበት አገር ፈቃድ፥ እንዲሁም የሥልጠናው መንገድና ወጪውን የሚችለው ማን እንደ ሆነ ነው። ይህ ተራ ሲዛባ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ በቅርብ ስላየን ከዚያ እንጀምራለን።

ከእኛ ሁለት ዓመት ቀድሞ የጨረሰ አንድ ጓደኛችን፥ አባቱ በንግድ ያጠራቀሙትን ገንዘብ በውጭ አገር ለሚገኝ የበረራ ትምህርት ቤት በቅድሚያ ላከ። ትምህርት ቤቱም ገንዘቡን ተቀብሎ የምዝገባ ወረቀት ሰጠው። የጤና ምርመራ የተደረገለት ግን እዚያ ከደረሰ በኋላ ነበር። ሐኪሙ በባለቀለም ነጠብጣቦች መካከል የተሸሸገውን ቍጥር እንዲያነብ ቢጠይቀው ሊያነበው አልቻለም፤ ቀይና አረንጓዴን በሚገባ የማይለይ መሆኑን እስከዚያች ቀን ድረስ አላወቀም ነበር። ከከፈለው ገንዘብ የተመለሰለት ከግማሽ በታች ነው። ምርመራው አስቀድሞ እዚሁ አገር ተደርጎ ቢሆን ኖሮ የሚጠይቀው የአንድ ቀን ጊዜና ጥቂት ብር ብቻ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉ እንለምናለን።

1ኛ፤ የአብራሪ ፈቃድ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የአብራሪ ፈቃድ እንደ ዲግሪ በማንኛውም አገር የሚያገለግል ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም። ታኅሣሥ 7 ቀን 1944 በቺካጎ ከተማ የተፈረመው ስምምነት ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትን አቋቁሟል። ድርጅቱም የስምምነቱ የመጀመሪያ አባሪ በሆነው ሰነድ ለፈቃድ የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ መጠን ወስኗል። በዚህ መሠረት ለግል አብራሪነት ዕድሜ 17 ዓመትና 40 የበረራ ሰዓት፥ ለንግድ አብራሪነት 18 ዓመትና 200 ሰዓት፥ ለአየር መንገድ አብራሪነት ደግሞ 21 ዓመትና 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል። በታወቀና በተፈቀደ የሥልጠና ፕሮግራም ለሚማር ሰው የግሉ ወደ 35፥ የንግዱ ወደ 150 ሰዓት ሊወርድ ይችላል።

ይህ ግን ዝቅተኛው ልክ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ መንግሥት ሲሆን ከዚህ የጠበቀ ደንብ ለማውጣት ሥልጣን አለው። ከዚህም በላይ የስምምነቱ 32ኛ አንቀጽ እንደሚለው፥ በአገሮች መካከል የሚበር አይሮፕላን አብራሪ ሊኖረው የሚገባው ፈቃድ አይሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር የሰጠው ወይም ያጸደቀው ፈቃድ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ የሚከተለው የሰውየውን ዜግነት ሳይሆን የአይሮፕላኑን ምዝገባ ነው ማለት ነው። በአሜሪካ የሠለጠነ ሰው በኢትዮጵያ የተመዘገበ አይሮፕላን ለማብረር ቢፈልግ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃዱን ሊያጸድቅለት ወይም ሊለውጥለት ይገባል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለመሥራት ቢፈልግ ደግሞ የአየር መንገድ አብራሪነትን ንድፈ ሐሳብ በ13 የትምህርት ዓይነቶች እንደገና መፈተን፥ የበረራ ፈተና ማለፍና የእነርሱን የጤና ምርመራ ማድረግ ግድ ይሆንበታል።

ይህ ጉዳይ የቃላት ክርክር ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እስከ 2020 መጨረሻ ድረስ በብሪታንያ የተሰጠ ፈቃድ በመላው የአውሮፓ ኅብረት ይሠራ ነበር። ብሪታንያ ከኅብረቱ ስትለይ ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሁለቱ ፈቃዶች ተለያዩ። በዚያን ጊዜ በትምህርት ላይ የነበሩት ተማሪዎች አንዱን መምረጥ ወይም ለሁለቱም መፈተን ነበረባቸው። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ልማር?» ሳይሆን «የት ልሠራ?» የሚል መሆን አለበት።

2ኛ፤ ጤናና ቋንቋ

ለንግድና ለአየር መንገድ አብራሪነት የአንደኛ ደረጃ የጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ለግል አብራሪነት የሁለተኛው ደረጃ ይበቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ለመጀመር የሚበቃውን የሁለተኛ ደረጃ ወረቀት ብቻ ይዘው ወራትና ብዙ ገንዘብ ካወጡ በኋላ፥ የአንደኛውን ሲጠይቁ ልባቸው፥ ጆሯቸው ወይም የቀለም እይታቸው አያስችልም ይባላሉ። ደረጃዎቹ በአሜሪካ አከፋፈላቸው ጥቂት ይለያል፤ እዚያ ለንግድ አብራሪነት ሁለተኛው ደረጃ ሲበቃ፥ አንደኛው የሚጠየቀው ለአየር መንገድ ካፒቴን ነው። ቢሆንም ምክሩ አንድ ነው፤ ወደፊት የሚያስፈልገውን ከፍተኛ ደረጃ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ማግኘት ይገባል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የተሳሳተ ወሬ ለማረም እንወዳለን። መነጽር ማድረግ ብቻውን አብራሪነትን አያስከለክልም። እይታው በመነጽር ተስተካክሎ የተወሰነውን ልክ የሚደርስ ከሆነ ሰውየው ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ወሬ ምክንያት ሳይመረመሩ ተስፋ የቆረጡ ተማሪዎች እናውቃለን።

ሁለተኛው ነገር የእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው። ከ2008 ጀምሮ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠራ አብራሪ የቋንቋ ችሎታው ከ6ቱ ደረጃዎች መካከል ቢያንስ 4ኛውን መድረስ አለበት። ፈተናው ንግግርና ማዳመጥን እንጂ ሰዋስው መጻፍን አይመለከትም። በመጽሐፍ እንግሊዝኛ የበረታ ተማሪ በሬዲዮ ላይ በፍጥነት የሚነገረውን ቃል መስማት ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ ይህን ልምምድ ከኮሌጅ ሳይወጡ መጀመር ዋጋ የማይጠየቅበት ዝግጅት ነው።

3ኛ፤ የአሜሪካና የአውሮፓ ልዩነት

በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ደንብ ሁለት ዓይነት ሥልጠና ይፈቅዳል። አንደኛው በተለምዶ «ክፍል 61» የሚባለው ሲሆን ተማሪው ከአስተማሪው ጋር እንደ ጊዜውና እንደ አቅሙ የሚማርበት ነው። ሁለተኛው «ክፍል 141» የሚባለው መንግሥት መርምሮ ባጸደቀው መርሐ ግብር የሚሰጥ ትምህርት ነው። በመጀመሪያው መንገድ የንግድ አብራሪነት ፈቃድ 250 ሰዓት ይጠይቃል፤ በሁለተኛው ከመነሻው ተጀምሮ እስከ 190 ሊወርድ ይችላል። ከውጭ አገር በተማሪ ቪዛ ለሚሄድ ሰው ግን ምርጫው ጠባብ ነው፤ ለቪዛ የሚያበቃውን ወረቀት ሊሰጡ የሚችሉት የበረራ ትምህርት ቤቶች በሁለተኛው ዓይነት ደንብ የታወቁትና ለዚሁ የተፈቀደላቸው ናቸው። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት ዋጋው ርካሽ ነው ሲባል ይህን ወረቀት ለመስጠት ይችል እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ደግሞ ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ነው። የካቲት 12 ቀን 2009 ኮልጋን የተባለው ኩባንያ አይሮፕላን በኒው ዮርክ ግዛት ቡፋሎ ከተማ አጠገብ ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው እንዳረጋገጠው አይሮፕላኑ ፍጥነት እያጣ መሆኑን የማስጠንቀቂያው መሣሪያ ሲያመለክት፥ ካፒቴኑ አፍንጫውን ዝቅ ከማድረግ ይልቅ መሪውን ወደ ራሱ ሳበው። ከዚህ አደጋ በኋላ በ2010 ሕግ ወጥቶ ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካ መንገደኛ በሚያጓጕዝ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ እንኳ 1,500 ሰዓት እንዲኖረው ተደነገገ። ከወታደር ቤት ለሚመጡ 750፥ በአቪዬሽን የታወቀ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ላላቸው 1,000 ይበቃል። ብዙ ሰዎች ይህን ደንብ ይነቅፋሉ፤ የወደቀው አይሮፕላን ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸውና። እኛም ከዚህ የምንማረው የሰዓት ብዛትና የሥልጠና ጥራት አንድ አለመሆናቸውን ነው።

ታዲያ አሜሪካዊው ተማሪ ከ250 እስከ 1,500 ያለውን ሰዓት እንዴት ይሞላል? አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አስተማሪ ሆኖ ነው። ከውጭ አገር በሙያ ተማሪ ቪዛ የሄደው ግን ከትምህርቱ በኋላ ሊሠራ የሚፈቀድለት ጊዜ ቢበዛ 6 ወር ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ 250 ሰዓት ያህል ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። በአውሮፓ ግን 200 ሰዓት ያህል ያለው ሰው ለትልቅ አይሮፕላን ተጨማሪ ሥልጠና አግኝቶ በረዳት አብራሪነት ሊቀጠር ይችላል። አገሩ የሚመለሰውም ተማሪ ቀጣሪው በዚህ ሰዓት ይቀበለው እንደ ሆነ ከመሄዱ በፊት መጠየቅ አለበት። ከተመለሰ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም።

4ኛ፤ ሦስቱ መንገዶች

የሥልጠናው መንገድ በጠቅላላው በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው የተያያዘ ሥልጠና ነው። ተማሪው ምንም ሳያውቅ ገብቶ በአንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ጊዜውን እየተማረ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የንግድ ፈቃዱንና የመሣሪያ በረራ ፈቃዱን ይዞ ይወጣል። ጥቅሙ ትምህርቱ የማይቋረጥ፥ ንድፈ ሐሳቡና በረራው እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ መሆናቸው ነው። ጕዳቱ ውድ መሆኑና ገንዘቡ ብዙ ጊዜ በትልልቅ ክፍያ በቅድሚያ የሚጠየቅ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው የተከፋፈለ ሥልጠና ነው። ተማሪው በመጀመሪያ የግል ፈቃዱን ያወጣል፤ ቀጥሎ ሰዓት ያጠራቅማል፤ ከዚያም ንድፈ ሐሳቡን፥ የንግዱን ፈቃድና የመሣሪያ በረራውን አንድ በአንድ፥ ሲፈልግም በተለያየ ትምህርት ቤት ይማራል። በዚህ መካከል ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ገንዘብ ቢያጥርበትም የደረሰበትን ደረጃ አያጣም። ጕዳቱ መዘግየትና መርሳት ነው። በአውሮፓ ደንብ የንድፈ ሐሳቡ ፈተና ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በ18 ወር ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ውጤቱም ለንግድና ለመሣሪያ በረራ ፈቃድ የሚያገለግለው ለ36 ወር ነው። ስለዚህ የተከፋፈለ መንገድ ማለት ያለ ገደብ የሚጓተት መንገድ ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ቀጣሪው ራሱ የሚያሠለጥንበት መንገድ ነው። የእኛ አገር ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ተቋቁሞ በሚያዝያ 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱ ካፒቴን ሆኑ። በ1964 አየር መንገዱ የራሱን የአብራሪዎች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ይህ ትምህርት ቤት እያደገ ሄዶ ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ከሚባለው ተቋም ጋር ተጠቃሏል። በዚህ መንገድ የሚገባ ተማሪ በውድድር ይመረጣል፤ ወጪውን አየር መንገዱ ይችላል፤ ተማሪው ደግሞ ለተወሰኑ ዓመታት ለማገልገል በዋስ ይፈርማል። ገንዘብ ለሌለው ነገር ግን ችሎታ ላለው ተማሪ ከዚህ የተሻለ በር የለም። ሆኖም ውሉን ሳያነቡ መፈረም አይገባም፤ ሥልጠናው ቢቋረጥ ዕዳው በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚናገረው ውሉ ነውና። በዋስነት የሚፈርመው ዘመድም ይህን አውቆ መፈረም አለበት።

ከዚሁ ወገን የሚቈጠር በ2006 የመጣ አዲስ ዓይነት ፈቃድ አለ፤ ይኸውም ሁለት አብራሪ ለሚያስፈልገው አይሮፕላን ብቻ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። በእውነተኛና በሲሙሌተር በረራ በጠቅላላው 240 ሰዓት ይጠይቃል፤ ተማሪውንም ከመጀመሪያው ለአንድ አየር መንገድ ሥራ ያዘጋጀዋል። ብርታቱ ይህ ነው፤ ድካሙም ይኸው ነው። ያ አየር መንገድ ቅጥር ቢያቆም በዚህ ፈቃድ ብቻውን ትንሽ አይሮፕላን እያበረረ እንጀራውን ለማግኘት አይችልም። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት በዓለም ላይ ብዙ አየር መንገዶች የጀማሪዎችን ሥልጠና ባቆሙ ጊዜ ይህ ሥጋት በግልጽ ታይቷል።

5ኛ፤ ትምህርት ቤቱን መመርመር

ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ የትምህርት ቤት ምርጫ የሚመጣው። እዚህም ላይ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የአንዱን ሰዓት ዋጋ ነው። ይህ ግን አሳሳች ነው። ለስሌት ያህል ብቻ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። አንደኛው ትምህርት ቤት ለ1 ሰዓት 150 ዶላር፥ ሁለተኛው 180 ዶላር ያስከፍላሉ እንበል። በመጀመሪያው ትምህርቱ እየተቋረጠ ተማሪው የግል ፈቃዱን በ75 ሰዓት ቢጨርስ 11,250 ዶላር ይከፍላል። በሁለተኛው ሳይቋረጥ ተምሮ በ55 ሰዓት ቢጨርስ የሚከፍለው 9,900 ዶላር ነው። ሕጉ የሚጠይቀው 40 ሰዓት ቢሆንም በተግባር አብዛኛው ተማሪ ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «አንዱ ሰዓት ስንት ነው?» ተብሎ ሳይሆን «ተማሪዎቻችሁ በስንት ሰዓት ይጨርሳሉ?» ተብሎ ነው።

ሰዓቱን የሚያበዛው ምንድን ነው? በመጀመሪያ የአይሮፕላን ማነስ ነው። በአሜሪካ ደንብ ለኪራይ ትምህርት የሚያገለግል አይሮፕላን በየ100 ሰዓቱ መመርመር አለበት። ሦስት አይሮፕላንና 30 ተማሪ ያለውን ትምህርት ቤት እናስብ። እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት 3 ሰዓት ቢበር 90 ሰዓት ይሆናል፤ ለአንዱ አይሮፕላን 30 ሰዓት ይደርሰዋል ማለት ነው። በዚህ ስሌት እያንዳንዱ አይሮፕላን በየሦስት ሳምንቱ ገደማ ለምርመራ ይቆማል፤ በቆመ ጊዜም ከተማሪዎቹ ሲሶው ከምድር ይቀራል። እጅ ያልለመደውን ነገር ቶሎ ይረሳል፤ የተረሳውን መልሶ ለመማርም እንደገና ይከፈላል።

ሁለተኛው የአስተማሪዎች መለዋወጥ ነው። ከላይ እንዳልነው በአሜሪካ ብዙዎቹ አስተማሪዎች የሚያስተምሩት 1,500 ሰዓታቸውን ለመሙላት ነው፤ ሲሞላላቸውም ይሄዳሉ። አዲሱ አስተማሪ ተማሪውን ለማወቅ ያለፈውን ትምህርት ይደግማል። ስለዚህ አስተማሪዎቹ ስንት ጊዜ እንደሚቈዩ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሦስተኛው የአየር ጠባይ ነው። ጀማሪ የሚበረው ምድርን እያየ ስለ ሆነ ደመናና ጭጋግ ትምህርቱን ያስቀራሉ። ትልልቅ ትምህርት ቤቶች በፍሎሪዳና በአሪዞና የበዙት፥ የጀርመኑ ሉፍታንዛ እንኳ ተማሪዎቹን ለብዙ ዓመታት በአሪዞና ጕድይር ከተማ ያሠለጠነው ስለዚሁ ነው። ነገር ግን ጠራ ያለ ሰማይ ሁሉን አያስተምርም። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአምስት እጅ አንድ ያህል የሳሳ ነው። የትንሽ አይሮፕላን ሞተር ጕልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም ለመነሣት ረዘም ያለ ሩጫ ይፈልጋል። በባሕር ጠረፍ የሠለጠነ ሰው ወደ ደጋ አገር ሲመጣ ይህን እንደ አዲስ መማር አለበት።

በመጨረሻም የአከፋፈሉ ነገር ነው። በየካቲት 2008 ስልቨር ስቴት ሄሊኮፕተርስ የተባለው የአሜሪካ የበረራ ትምህርት ቤት በድንገት ከሥሮ ተዘጋ። ከ2 ሺህ በላይ የሆኑ ተማሪዎች፥ ብዙዎቹ ወደ 70 ሺህ ዶላር ተበድረው በቅድሚያ የከፈሉ፥ ትምህርቱን ሳይጨርሱ ዕዳው ቀረባቸው። ትምህርት ቤቱ ትልቅ መሆኑ አላዳናቸውም። የምንመክረው አጭር ነው፤ በተቻለ መጠን የተማሩትን ያህል ብቻ መክፈል፥ የግድ ቅድሚያ ቢጠየቅ ገንዘቡ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ በጽሑፍ መቀበል ይገባል።

ማጠቃለያ

«የተያያዘውን የተማረ ከተከፋፈለው ይበልጣል» የሚሉ አሉ። በአንድ ረገድ እውነት አላቸው፤ ሳይቋረጥ የተማረ ሰው ትምህርቱ የተስተካከለ ይሆናል፤ አንዳንድ ቀጣሪዎችም ይህን ይመርጣሉ። ነገር ግን በሁለቱም መንገድ የሚገኘው ፈቃድ አንድ ነው፤ በመካከል ገንዘብ አልቆበት የተያያዘውን ያቋረጠ ተማሪ ብዙ ጊዜ በእጁ የሚቀር ፈቃድ የለውም፥ በተከፋፈለው መንገድ የሄደው ግን ቢያንስ የደረሰበትን ይይዛል። ስለዚህ የቤተሰቡ አቅም በእርግጥ ለማይታወቅ ተማሪ፥ በአየር መንገድ ውድድር ካላለፈ፥ ሁለተኛው መንገድ ይሻለዋል ብለን እናምናለን።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ጥያቄውን በዚህ ተራ ቢያደርጉት እንወዳለን። አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ፤ ቀጥሎ የሚሠሩበትን አገር ባለሥልጣንና ቀጣሪ ዘንድ፤ ቀጥሎ ከቤተሰብ ጋር ስለ ገንዘቡና ስለ መንገዱ መመካከር፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ትምህርት ቤቱ መጻፍ። ያ ጓደኛችን ዛሬ በሌላ ሥራ ላይ ይገኛል፤ አልፎ አልፎም ወደ ኮሌጁ ይመጣል። ይህን እንደምንጽፍ በነገርነው ጊዜ ታሪኩን ስሙን ሳንጠራ እንድናወጣው የፈቀደልን፥ «እኔ የከፈልኩት ለሌላው ትምህርት ይሁነው» በማለት ነው።